እንግዳ በሚመጣበት ቀን ግቢ አይፀዳም

ቅዳሜ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኬ ሲጮህ ማን እንደሆነ ሳላይ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «አቦ የት ነህ? ነገ ከሐረር ቤተሰብ ይወርዳል፣ በጠዋት ድረስልኝ፣ ግቢው ጫካ ሆኗል!» ጫካ የሆነው ዛሬ ነው እንዴ? ሶስት ወር ሙሉ ሲበቅል እያየኸው አጠገቡ ቡና ስትጠጣ አልነበር? ግን እሄዳለሁ፣ እንጀራዬ ነው። ድሬ ላይ የሰው ግቢ ስቆርጥ ስተክል ስጠርግ 19 ዓመት ሞላኝ፣ ከዚራ በለው ሳቢያን፣ ግሪክ ካምፕ በለው ገንደ ቆሬ ያልገባሁበት ሰፈር የለም። ባለፈው እሁድ ያንኑ ነገር ለመቶኛ ጊዜ አየሁና አንጀቴ አረረ፣ ስለዚህ አንዴ ልፃፈውና ከዚህ በኋላ ቅዳሜ ማታ ለሚደውልልኝ ሰው ሁሉ ይሄን እልክለታለሁ። አካፋ እንዴት እንደሚያዝ አላስተምርም፣ እሱን ጠይቃችሁ ድረሱበት።

አንደኛ፦ እንግዳ በሚመጣበት ቀን ጠዋት ክምር ማንሳት

የድንጋይ ክምር፣ የማገዶ ክምር፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ የተደረደረ አሮጌ ቆርቆሮ፣ ከግንባታ የተረፈ ብሎኬት። ሰው ዓመት ሙሉ አይነካውም፣ ልክ አክስቱ ከሐረር ልትወርድ ነው ሲባል ያሳፍረዋል። ያ ክምር ለእናንተ ቆሻሻ ነው፣ ለጊንጥ ግን ቪላ ነው። ድሬ ደግሞ ደረቅ ነው፣ ሞቃት ነው፣ ድንጋይ አለው፣ ጊንጥ ሌላ ምን ይፈልጋል? ቀን ተደብቆ ይውላል፣ ማታ ወጥቶ በረሮ ምናምን እያደነ ይበላል፣ ዓመቱን ሙሉ ግቢውን ተጋርቷችሁ ኖሯል እኮ፣ አላወቃችሁትም እንጂ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቤቱን ስታፈርሱበት ወዴት ይሂድ? ፀሀይ ላይ አይቆምም፣ ጨለማና ጠባብ ቦታ ነው የሚፈልገው። እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ግቢያችሁ ውስጥ አዲስ የመጣ ጨለማና ጠባብ ቦታ ምንድነው? በር ላይ የተደረደረው የእንግዳ ጫማ! ዛፍ ስር የተነጠፈው ምንጣፍ፣ ግድግዳ ተደግፎ የተቀመጠው ትራስ፣ የህፃን ልጅ ቦርሳ። እናንተ እኮ ጊንጡን ከአጥር ጥግ አንስታችሁ እንግዳ መሀል አስቀመጣችሁት ማለት ነው፣ በዛ ላይ ገንዘብ ከፍላችሁ።

ይሄን ያህል የምጮኸው ራሴ ስላደረግኩት ነው። ስራ በጀመርኩ በአራተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ የፋሲካ ማግስት፣ የራሴ ግቢ። እህቴ ከነልጆቿ ልትመጣ ነበርና ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ብሎኬቱን ከአጥር ስር አንድ በአንድ ወደ ውጪ አወጣሁት፣ ላብ በላብ ሆኜ፣ በራሴ ኮርቼ፣ ግቢው ሆቴል መሰለ። ምሳ ተበላ፣ ቡና ተፈላ፣ የእህቴ ልጅ ስድስት ዓመቱ ነበር፣ ኳስ ልጫወት ብሎ ሮጦ ሸራ ጫማው ውስጥ እግሩን ሲከት የጮኸው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ከዛ በኋላ ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ምላጭ አምጡ ይላል፣ አንዷ ከነጠላዋ ጫፍ ቀዳ ቁርጭምጭሚቱን ልታስር ትታገላለች፣ ጎረቤት ላምባ በጠርሙስ ይዞ ደረሰ፣ እኔ ደግሞ ጊንጡን በጫማ እየደበደብኩ ነው፣ ሞቷል እኮ፣ ግን እየደበደብኩ ነው። ያዳነችን እናቴ ናት። «ዞር በሉ!» ብላ እግሩን በሳሙና አጠበች፣ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ አደረገችበት፣ አቅፋው ባጃጅ ውስጥ ገብታ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። እያዩት አደረ፣ ተሻለው። አሁን ከኔ ይረዝማል፣ ግን እኔ ቤት ሲመጣ ጫማውን ሁለቴ አራግፎ፣ ውስጡን በስልክ መብራት አይቶ ነው የሚያደርገው፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።

ምላጭ የለም፣ ማሰር የለም፣ በአፍ መምጠጥ የለም፣ ላምባ የለም። እጥበት፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ ቀለበትና አምባር ካለ ሳያብጥ ማውለቅ፣ ከዛ ሐኪም ጋ። ትልቅ ሰው ብዙ ጊዜ ህመሙን ችሎት ያልፋል፣ ህፃን ላይ ግን ሊከብድ ስለሚችል «ትንሽ እንየው» ብላችሁ አትቀመጡ።

ክምር ማንሳት ካለባችሁ ረቡዕ አንሱት፣ ቢዘገይ ሐሙስ። ያኔ የተፈናቀለው ሁሉ ሌላ ቦታ ፈልጎ እስኪረጋጋ ጊዜ አለው። በነጠላ ጫማ አይሆንም፣ ቦት ባይኖር የተዘጋ ጫማ፣ ጓንት። ድንጋዩን በዶማ ጫፍ ከዛኛው ጎን አንሱትና ወደራሳችሁ አዘንብሉት፣ ስሩ ያለው ነገር ድንጋዩን ከለላ አድርጎ ከናንተ ተቃራኒ ይሸሻል። ጀማሪ ሁሉ ከራሱ ጎን ያነሳና ያለውን ሁሉ እግሩ ላይ ይለቀዋል።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ትወዱኛላችሁ። ሱቅ ውስጥ ብር ፎርጅድ መሆን አለመሆኑን የሚያዩባት ሐምራዊ መብራት አለች አይደል? እሷን በባትሪ የምትሰራውን ትንሿን ግዙ። ማታ ጨለማ ውስጥ ግቢው ላይ ስታበሩ ጊንጥ ካለ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል፣ ወላሂ እንደ ሰዓት ቁጥር ነው ቦግ የሚለው። መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ ሳቢያን አንድ ግቢ ውስጥ አራት ቆጠርኩና መብራቷን አጥፍቼ ቆምኩ፣ ከዛ ደግሞ አጥፍቶ መቆም የባሰ መሆኑ ገባኝ። እንግዳው ከመምጣቱ በፊት ባለችው ማታ ዞር ዞር በሉ፣ ረጅም መቆንጠጫ ይዛችሁ ማሰሮ ውስጥ ትከቱታላችሁ፣ ራቅ ወዳለ ሜዳ ትወስዱታላችሁ። ልጆቹ ከኋላችሁ ይከተሉ፣ በተዘጋ ጫማ ግን።

እባብን በተመለከተ፦ ገጀራ ይዘህ አትከተለው። ሊገድለው ሲሞክር የሚነደፍ ሰው አለ። ልጆቹን አርቅ፣ መውጫ ተውለት፣ ከሩቅ በዓይንህ ተከተለው። ነጭ ሽንኩርትና ናፍታ ግቢ ዙሪያ ማፍሰስም ተዉ፣ ናፍታው አፈሩን ነው የሚገድልባችሁ። እባብ ደጋግሞ ከመጣ የዶሮ ምግቡን ክዳን ባለው ባልዲ አድርጉት፣ የመጣው ለአይጡ ነው።

ሁለተኛ፦ ግቢውን ጠርጎ በርሜሉን መርሳት

ድሬ ውሃ ስለሚጠፋ ሁሉም ቤት በርሜል አለው፣ ጀሪካን አለው፣ ያለው ሰው ሮቶ አለው። ቅጠል ለቅሞ ጨርሶ፣ አበባ አስተካክሎ፣ ክፍት በርሜል አጠገብ ለእንግዳ ወንበር የሚደረድር ሰው አለ። ጎንበስ ብላችሁ እዩት እስቲ፣ ውሃው ላይ የምትጥመለመል ትንሽ ትል አለች? የወባ ትንኝ እጭ ናት፣ ወይም የሌላዋ። ድሬ በሽታውን በስሙ ታውቀዋለች፣ በ2006 ዴንጊ፣ በ2011 ክረምት ቺኩንጉንያ። ያን ክረምት እኔም ተኝቻለሁ፣ መቀስ መያዝ አቅቶኝ፣ የጣቴ መገጣጠሚያ በሩ ላይ እንዳለ ዝገት ሆኖ። እነዚህን ሁለቱን የምታመጣው ኤደስ የምትባለው፣ እግሯ ላይ ነጭ ቀለበት ያላት፣ ቀን የምትናከሰው ናት። በ2014 ደግሞ ዝናብ በሌለበት ወባ ከተማውን አዳረሰው፣ ያኛዋ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል ከእስያ የመጣች ትንኝ ናት፣ አገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው በ2009 ቀብሪ ደሃር ነው። የሷ ጣጣ ምንድነው፣ እንደ ድሮዋ የወባ ትንኝ ረግረግና ኩሬ አትጠብቅም፣ የሰው ቤት በርሜል፣ የግንባታ ገንዳ ይበቃታል። ስለዚህ «እኛ ጋ ረግረግ የለም» የሚለው ወሬ አብቅቷል።

መክደን ብቻ በቂ ይመስላችኋል፣ አይደለም። ኤደስ እንቁላሏን የምታጣብቀው ከውሃው ከፍ ብሎ በርሜሉ ግድግዳ ላይ ነው፣ ውሃውን ብትደፉትም እንቁላሉ ደርቆ ለወራት ይቆያል፣ ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። በሳምንት አንዴ ውሃው ዝቅ ሲል ግድግዳውን በደረቅ ብሩሽ ፈትጉት፣ አፉን በወንፊት ጨርቅ ሸፍናችሁ በላስቲክ እሰሩት። ድሬ ሙቀት ላይ ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ አንድ ሳምንት አካባቢ ነው፣ ለዚህ ነው በሳምንት አንዴ የምለው። አሮጌ ጎማ፣ የአበባ ማስቀመጫ ስር ያለች ሳህን፣ የኤሲ ውሃ የሚንጠባጠብባት ባልዲ፣ ልጆች የጣሉት የለስላሳ ክዳን ሳይቀር። ጎማ ላይ አበባ የተከላችሁ ሰዎች፣ ቆንጆ ነው፣ ግን ስሩን ብሱት።

ሶስተኛ፦ ጥላውን ቆርጦ እንግዳ መጥራት

ይሄኛው ያስቀኛል። ከዚራ አንድ ግቢ፣ ስም አልጠራም፣ ትልቅ ኒም አለ፣ ቤቱን ከነግቢው የሚያለብስ። ባለቤቱ «ልጄ ከውጪ እየመጣ ነው፣ ዘመድ ሁሉ ይሰበሰባል፣ ግቢው ይከፈት፣ ቁረጠው» አለኝ። ግንቦት ነው። ሙቀቱ ከሰላሳ አምስት አልወርድ ብሏል። ተው አልኩት፣ ከፈለግክ የደረቀውንና ጣሪያ የሚነካውን ላንሳልህ አልኩት፣ እምቢ አለ፣ እኔም የሆድ ነገር ሆነና ወጥቼ ቆረጥኩት፣ እጅና እግር የሌለው ምሰሶ አደረግኩት። እሁድ ሀያ የሚሆን ሰው መጣ። ወንበሮቹን ግድግዳው ጥላ ስር ደረደሩ፣ ጥላው ሲሸሽ ወንበሩን እየጎተቱ ተከተሉት፣ አምስት ሰዓት ላይ በስተምዕራብ የነበረው ቤተሰብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በስተምስራቅ ግድግዳ ተለጥፎ ተገኘ። አያቲቱ ዱላዋን ወደኔ ዘርግታ «አንተ ልጅ፣ ዛፉ ምን አደረገህ?» አለችኝ። «አንቺ ሙች ታዝዤ ነው» አልኳት። (አዲስ አበባ ያላችሁ አትደንግጡ፣ እኛ ጋ አንቱታ ብዙ የለም፣ አያትም አንቺ ናት፣ ንቀት አይደለም።)

ድሬ ላይ ዛፍ ማለት ጣሪያ ማለት ነው። ከዚራን ከዚራ ያደረገው ዛፉ ነው፣ ባቡሩ በ1895 ከደረሰ በኋላ የተቆረቆረ ሰፈር ነው፣ ዛፉን አንሱለትና የሚቀረው አስፋልትና ግድግዳ ነው። በሙቀት ወር ዛፍ አይመለጥም፣ ጥላ ለምዶ የኖረ ግንድ ድንገት ፀሀይ ሲያገኘው ልጡ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ምስጥ ይገባል። ከጠቅላላው ቅርንጫፍ ከአራት አንድ እጅ በላይ በአንድ ጊዜ አልነካም። የድሬዳዋ ዛፍን ደግሞ (አገሩ ማዳጋስካር ነው፣ ስሙን ግን ከኛ ጋ ወስዷል) ሊያብብ ሲል የሚቆርጥ ሰው ምን እንደሚባል አላውቅም። ግንቦት ላይ ቀዩን አበባ ሊያሳያችሁ ዓመት ጠብቋል እኮ!

ጎጆም እዩ። በክረምት ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ እንደ ኳስ የሚንጠለጠሉት የነዚያ ቢጫ ወፎች ናቸው፣ ወንዱ ነው ከእርጥብ ሳር የሚጠልፈው፣ ሴቷ መጥታ ታየዋለች፣ ካልወደደችው እንደገና ይሰራል ምስኪን። ጫጩት ካለበት ቅርንጫፉን ለሳምንታት ተዉት። «ጫጫታቸው እንግዳ ይረብሻል» ያለኝ ሰው ነበር፣ እንግዶቹ ግን ስልካቸውን አውጥተው ቀኑን ሙሉ ወፎቹን ሲቀርፁ ዋሉ።

አራተኛ፦ ቅንጭብን እንደ ማንኛውም አጥር መቁረጥ

አጭር ነው ግን ደጋግማችሁ አንብቡት። ቅንጭብ ሲቆረጥ የሚወጣው ነጭ ወተት ዓይን ያጠፋል። መነፅር ሳታደርጉ አትንኩት፣ በተለይ ከራሳችሁ በላይ ያለውን። እኔ መነፅር አድርጌ ነበር፣ ጎበዝ ነኝ አይደል፣ ስጨርስ መነፅሩን አውልቄ በዛው ጓንት ላቤን ጠረግኩ። በርበሬ አትበሉኝ፣ በርበሬ ቀልድ ነው። ውሃ እያፈሰሱብኝ ሩብ ሰዓት ከዛ በላይ ቆየሁ፣ ከዛ ዓይን ሐኪም፣ ሁለት ቀን ጨለማ ክፍል። ልጆች ግቢ ውስጥ በሚውሉበት ቀን ደግሞ ጭራሽ አይቆረጥም፣ የተቆረጠውን ሰይፍ አድርገው ይጫወቱበታል።

አምስተኛ፦ የተጠረገ ቅጠል ሳያዩ ማቃጠል

መጀመሪያ ነገር ከፌስታልና ከሃይላንድ ጠርሙስ ጋር አብሮ የሚያቃጥል ሰው አለ፣ ለእንግዳ ዕጣን የሚያጨስ ይመስል። ዋናው ግን፣ ክምሩ ካደረ ውስጡ ነዋሪ አለ። ጃርት ሊኖር ይችላል፣ ጉርጥ አይጠፋም። ኤሊ ያለበት ግቢ ሁሉ ደግሞ ኤሊዋ የምትወደው ቦታ የቅጠል ክምር ነው፣ ይቀዘቅዛላ። ለገሃሬ አካባቢ አንድ ቤት ልክ ክብሪት ልጭር ስል ትንሿ ልጅ «ኤሊዋስ?» አለችኝ። ኤሊዋስ! በመንሽ ገለበጥኩት፣ ታች ተኝታለች፣ ድንጋይ መስላ። የዛን ዕለት ጀምሮ ክብሪት ትቻለሁ፣ ቅጠሉን ጉድጓድ ውስጥ እከታለሁ፣ ውሃ እረጭበታለሁ፣ በወራት ውስጥ ጥቁር አፈር ይሆናል፣ ለፓፓያው እሱን ነው የምሰጠው። ድሬ አፈር ላይ ያን ያህል የሚያስፈልግ ነገር የለም፣ እናንተ ግን አመድ ታደርጉታላችሁ።

ስለ ኤሊ ካነሳሁ፣ ድንጋይ የሚመስለው ልብሷ ስሜት አለው፣ አጥንት ነው፣ በስቶ ገመድ ማሰር ጥርስ ያለ ማደንዘዣ እንደ መብሳት ነው። እንግዳ ልጆች ደግሞ ፓስታ ይሰጧታል። ድሬ ልጅ ፓስታ ይወዳል፣ ገብቶኛል፣ ኤሊ ግን ሳርና ቅጠል ነው ምግቧ።

እስስትም አትግደሉ። አይመርዝም፣ አይራገምም፣ ዝንብ ይበላላችኋል በነፃ።

ስድስተኛ፦ ከሐረር የመጣ ችግኝ በቀትር መትከል

የራሴ አክስት ናት ጥፋተኛዋ። ከሐረር በወረደች ቁጥር የቡና ችግኝ በፌስታል ይዛልኝ ትመጣለች፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ደንገጎን ቁልቁል ስትወርድ እንዳትጨፈለቅ አቅፋ። በፍቅር ነው። ደርሳ ጉንጬን ሳትስም «ና ትከላት እኔ እያየሁ» ትላለች፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ አናት የምትበሳ ፀሀይ። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው ግን ሐረር ወደ 1,880 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 አካባቢ፣ ያቺ ችግኝ በሁለት ሰዓት ውስጥ አገር ቀይራለች ማለት ነው። አምስት ገድያለሁ። በየመጣችበት «ቡናዬስ?» ትለኛለች፣ እኔም የጎረቤት ዘይቱና አሳይቻት አውቃለሁ፣ አላመነችኝም።

አሁን የማደርገው፦ ችግኟን ከነፌስታሏ ጥላ ስር አሳያታለሁ፣ «ትለመድ» እላታለሁ፣ ሁለት ሳምንት እዛው ትቆያለች፣ ከዛ ፀሀይ ሲጠልቅ ከማንጎው ስር ተተክላ ዙሪያዋ ደረቅ ቅጠል ይነሰነሳል። ስድስተኛዋ አለች። አታፈራ ይሆናል፣ አለች ግን። አክስቴ ስትመጣ ቅጠሏን በመሀረብ ትጠርጋለች። ውሃም ጠዋት በማለዳ ወይ ማታ ነው፣ በቀትር የምታጠጡት ፀሀይን ነው የምታጠጡት።

ስጋና ሰማይ

ለእንግዳ በግ ሲታረድ ሜዳ ላይ ትሪ ዘርግቶ ወደ ቤት ቢላ ሊያመጣ የሚገባ ሰው ጭልፊት የሚባል ነገር መኖሩን ረስቷል። ሐረር ጀጎል ስጋ ተራ ያደጉ ሰዎች ሰሃን በእጃቸው ሸፍነው ነው የሚሄዱት፣ ያውቁታል። አንድ አማች ጉበቱን ለጥሬ አዘጋጅቶ፣ ሚጥሚጣውን ሁሉ አውጥቶ፣ ዞር ብሎ «ኑ!» ሲል ጉበቱ አየር ላይ ነበር። ማንም አልሳቀም፣ አማች ነዋ። ከዛ ሁሉም ሳቀ።

ሐረር ሄዳችሁ ደግሞ የዘመድ ግቢ ጓሮ አጥንት ወርውራችሁ ጅብ ለመጥራት እንዳትሞክሩ። አዎ ሐረር ከጅብ ጋር ትኖራለች፣ የጀጎል ግንብ ለዋራባ፣ ለጅቡ ማለት ነው፣ የተተወ ቀዳዳ አለው፣ ለአሹራ ገንፎ በቅቤ ይቀርብለታል፣ ማታ ማታ ከበሩ ውጪ የሚያበሉ ሰዎች አሉ። ግን እነሱ ያደጉበት ነው፣ ጅቡን በስም ይጠሩታል፣ ቦታው የታወቀ፣ ሰዓቱ የታወቀ ነው። ልጆቹ ቪዲዮ ይቅረፁ ተብሎ የአጎቴ ጓሮ ላይ የተጣለ አጥንት ግን ምን እንዳመጣ ልንገራችሁ፣ የመጀመሪያ ቀን ጅብ መጣ፣ ሁሉም ተደሰተ፣ እኛ ወደ ድሬ ወረድን። በማግስቱም መጣ፣ አጥንት የለም፣ ፍየል ግን ነበረች። አጎቴ ስልክ ደውሎ አልተሳደበም፣ «ቪዲዮው ላኩልኝ፣ ፍየሌን የበላው የትኛው እንደሆነ ልየው» ነው ያለው።

ሰባተኛ፦ የከሰዓቱ ገራባ (የጫት ትራፊ)

ምሳ ተበልቶ ምንጣፍ ተዘርግቶ በርጫ ከተጀመረ በኋላ የግቢው ፅዳት ነገር አበቃ፣ ያን አልከራከርም። ግን ገራባውን እዛው ዛፍ ስር ቆልሎ ማደር፣ የለውዝ ልጣጩን፣ ግማሹ የቀረውን የለስላሳ ጠርሙስ። ማታ አይጥ፣ ከአይጡ ኋላ የቅድሙ እባብ፣ ጠዋት ተርብ። ገራባውን ለፍየል ስጡ፣ ፍየል ከሌላችሁ የጎረቤት ፍየል እኮ አጥሩ ስር ቆማ እየጠበቀች ነው፣ ድሬ ፍየል ከሰው እኩል ነው ሰዓቱን የምታውቀው። ስኳር የነካውን ሁሉ ሳይመሽ ሰብስቡ።

እኔም ነውር አለብኝ፣ አልደብቅም። ሁሌም የማይቀረው ነገር ጋቢውን የለበሰው አባወራ ወይ ድሪያዋን የለበሰችው እናት ከበሩ ላይ «ና ብላ፣ እጅህን ታጠብ፣ ምን አባህ ትቆማለህ!» ትለኛለች፣ እኔ ደግሞ «ጋሪውን ልድፋና» እላለሁ፣ «በኋላ!» ትለኛለች፣ እና እቀመጣለሁ። ባለፈው እሁድም ተቀመጥኩ። የቅጠል ጆንያዎቹን አጥር ስር እንዳሉ ትቼ ምሳ፣ ከምሳ ሆጃ (በወተት የሚፈላው ትኩስ መጠጥ)፣ ከሆጃ ወሬ፣ ከሐረር የወረደው አጎት የዱሮ ባቡር ታሪክ ሲያወራ መሸ። ሰኞ ጠዋት ተመልሼ ሶስቱን ጆንያ ሳነሳ ከሁለተኛው ስር አንዲት ጉርጥ ሆዷን አፈር ላይ ለጥፋ ተቀምጣለች፣ አልተንቀሳቀሰችም፣ አየችኝ፣ አየኋት። ጆንያውን መልሼ አስቀመጥኩትና ሁለቱን ይዤ ወጣሁ።